ለሐይቁ አንድ ጭቃማ ዳር ተዉለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ዕትማችሁ በከተማችን መሀል ስለተሠሩት ሰው ሠራሽ ሐይቆች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ፎቶውም ደስ ይላል። ግን ከፎቶው ሥር «ከአውሮፓ የመጡ ስደተኛ ወፎች» ያላችኋቸው፣ ዓይናቸው ዙሪያ ቡናማ ክብ ያለባቸው እነዚያ ትልልቅ ወፎች ከየትም አልመጡም። የግብፅ ዝይ ይባላሉ። ስማቸው የግብፅ ይሁን እንጂ ክረምት ከበጋ እዚሁ አገራችን ያሉ ናቸው፤ እዚሁ ይፈለፈላሉ፣ እዚሁ ያረጃሉ። የሚገርመው፣ እዚያው ፎቶ ላይ በስተቀኝ ጥግ፣ ድንጋይ ያልተነጠፈበት ጭቃ ላይ፣ ከድንቢጥ ትንሽ ከፍ የምትል ሆዷ ነጭ ጀርባዋ ቡናማ ወፍ ቆማለች። ማንም ልብ አላላትም። እውነተኛዋ እንግዳ እሷ ነች።

ለፎቶው ብቻ ቢሆን ብዕር አላነሳም ነበር። ያስጻፈኝ የጽሑፉ መጨረሻ ነው። ከሐይቆቹ የአንዱ ዳር የበቀለው ቄጠማና ፊላ ተነቅሎ፣ ጭቃው ተዝቆ፣ ዙሪያው በሙሉ በድንጋይ ሊነጠፍ ነው ይላል። እናንተም «ውበት ይጨምርለታል» ብላችሁ አለፋችሁት። ይጨምርለት ይሆናል። ወፎቹ ግን ይሄዳሉ። ሁሉም ማለቴ አይደለም፤ ዝዩ የተከረከመ ሣር ካገኘ ሌላው ግድ አይሰጠውም። የሚሄዱት ሌሎቹ ናቸው። ድሮም ሰው አይቷቸው ስለማያውቅ፣ መሄዳቸውንም የሚያውቅ አይኖርም። (በነገራችን ላይ ቄጠማን ለበዓል ገዝተን ሳሎናችን እንጎዘጉዛለን፤ ሐይቅ ዳር ሲበቅል ደግሞ ቆሻሻ ነው ብለን እናስነቅላለን። ጉድ ነው።)

እኔ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሐኪም እግርህን አንቀሳቅስ ብሎኛል። ዝም ብሎ መራመድ ደግሞ ይሰለቻል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ውሃው ዳር ወርጄ ወፍ አያለሁ። አዲስ አበባ ለዚህ የተመቸች ከተማ ነች። ከ860 በላይ የወፍ ዝርያ የተመዘገበበት አገር ዋና ከተማ ነች እኮ! ጋጋኖን ውሰዱ። ገና ሲነጋጋ በጣሪያችን በላይ እያንቋረረ የሚያልፈው፣ ሰፈሩን ሁሉ የሚቀሰቅሰው፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ የሆነው፣ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ወፍ ማለት ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም የለም። ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ተደርድራ የምናያት፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ያላት እርግብም እንደዚሁ። ፈረንጅ እነሱን ለማየት በዶላር ትኬት ቆርጦ ይመጣል፤ እኛ ማኪያቶ እየጠጣን ከካፌ በረንዳ እናያቸዋለን። ብዙዎቻችን ግን አናያቸውም።

ወቅቱን ከመስከረም ልጀምር። ጠፍቶ ጠፍቶ ብቅ ያለ ሰው ሲመጣ «አንተ የመስቀል ወፍ!» እንለዋለን። ወፉ ግን የትም አልሄደም። ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ የሚላቸው፣ በአደይ አበባው መሀል ጥቁርና ቢጫ ወይም ጥቁርና ቀይ ሆነው የሚያብለጨልጩት ወንዶቹ ናቸው። የመራቢያ ጊዜያቸው ሲያልፍ ያንን ላባ ያራግፉና እንደ ሴቶቹ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ድንቢጥ መሳይ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ አጠገብህ ቢያርፉም አታውቃቸውም። ዓመቱን ሙሉ አብረውን ናቸው፤ ልብስ ነው የቀየሩት። ጎጇቸውን የሚሠሩት ደግሞ ረጅም ሣርና ቄጠማ ውስጥ ነው። ያ ሊነቀል ነው የተባለው።

እንግዳውን ደግሞ የሰፈር ልጅ እናደርገዋለን። በበጋ ኳስ ሜዳ ላይ፣ መናፈሻ ሣር ላይ፣ ከብት ባለበት ደግሞ ከብቱ እግር ሥር፣ ደረቷ ቢጫ፣ ጭራዋ አንድ አፍታ የማያርፍ ቀጭን ወፍ ትሯሯጣለች። ሁሉም ሰው እዚሁ ያደገች ይመስለዋል። የተፈለፈለችው ግን አውሮፓ ወይም ሩሲያ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ በረሃና ባሕር አቋርጣ ትመጣለች፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ትመለሳለች። ክብደቷ ሃያ ግራም እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ጥቅምት ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ወር ነው። ዝናቡ ይቆማል፣ ውሃው ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ሲሸሽ ዳሩ ላይ እርጥብ ጭቃ ትቶ ይሄዳል። ያ ጭቃ በትልና በነፍሳት እጭ የተሞላ ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ወፍ የምትፈልገው እሱን ነው። ስትሄድ ተመልከቷት፦ ሁለት ሦስት እርምጃ ትራመዳለች፣ ቆም ትላለች፣ ከወገቧ በታች ያለው ሁሉ ላይ ታች ይወዛወዛል፣ ከዚያ ጠቅ አድርጋ አንድ ነገር ታነሳና ቀጥላ ትሄዳለች። ቆማ እንኳ መወዛወዟን አታቆምም። ከእሷ ትንሽ ገባ ብላ፣ እግሯ ረዘም ያለች ሌላ ወፍ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ትለቅማለች። ሌላዋ ምንቃሯን እስከ ሥሩ ጭቃው ውስጥ ቀብራ፣ ዓይኗን ሳይሆን የምንቃሯን ጫፍ ተማምና ትፈልጋለች። ምንቃሯ አጭር የሆነው ከላይ ከላይ፣ ረጅም የሆነው ከሥር። አንዷ የሌላዋን አትሻማም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሁለት ሜትር በማይበልጥ የጭቃ መቀነት ላይ ነው። ድንጋይ ሲነጠፍበት ይሄ ሁሉ ያልቃል። ድንጋይ ላይ ትል የለም።

ይህንን ለማየት ግን ባይኖኩላር ያስፈልጋል፤ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። አንድ መናፈሻ በር ላይ፣ የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ቦርሳዬ ሲፈተሽ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ባይኖኩላር ነው ልጄ።»

«ምን ሊያዩበት ነው?»

«ወፍ።»

ልጁ ዞር ብሎ ጓደኛውን ጠራ። «ና እስቲ፣ ወፍ ላይበት ነው ይላሉ።» ጓደኛው መጣ፣ አገላብጦ አየው፣ በተሳሳተው በኩል ዓይኑ ላይ አድርጎ እኔን ተመለከተኝ። «ወፍማ ያለ መነጽርም ይታያል እኮ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጋጋኖ ይታያል። ባይኖኩላሬ በር ላይ ቀረ፣ እኔ ገባሁ።

ልጆቹን አልቀየምኳቸውም፣ ሥራቸው ነው። የከተማው መሀል ቤተ መንግሥት ያለበት፣ ኤምባሲ ያለበት፣ ጥንቃቄ የሚበዛበት ቦታ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ከኋላዬ የነበረው ወጣት ሠላሳ እጥፍ እያቀረበ የሚያነሳ ካሜራ ያለው ስልክ በኪሱ ይዞ ያለ ምንም ጥያቄ ገባ። የእኔው መነጽር ስምንት እጥፍ ብቻ ነው የሚያቀርበው፤ ፎቶም አያነሳም፣ ለማንም አይልክም። ቢከለከል እንኳ የት ተከለከለ፣ የት ተፈቀደ የሚለው በር ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ ሰውም ይገላገላል፣ ፈታሾቹም ይገላገላሉ። ከዚያም በላይ፣ መናፈሻው ራሱ ጥቂት ባይኖኩላሮች ገዝቶ መታወቂያ እያስያዘ በሰዓት ቢያከራይ ምን አለበት? ጀልባ ይከራይ የለ እንዴ?

ስለ ዳሩ ልመለስ። «ውሃው ካለ ወፉ ይመጣል» የሚል ሰው ቢሾፍቱ ሄዶ ይይ። ከተማው መሀል ያለው የቢሾፍቱ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፣ ዳሩ ገደል ነው። እዚያ የሚመቸው ጠልቆ ለሚበላ ወፍ ነው፤ ዳክዬ አለ፣ ዓሣ አዳኝ አለ፣ በእግሩ ውሃ ውስጥ እየተራመደ የሚበላ ግን መቆሚያ የለውም። እዚያው ቢሾፍቱ ጨለለቃ የሚባል ሌላ ውሃ አለ። ለጥ ያለ፣ ስስ፣ ክረምት ሞልቶ በጋ የሚጎድል፣ ለማያውቀው ሰው ተራ ረግረግ ነው። ወፉ የሚጎርፈው ግን እዚያ ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ወደ ማታ ብትሄዱ ደግሞ ጉድ ታያላችሁ። ሽመላ የሚመስሉ፣ ቁመታቸው ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ አንገታቸው ጥቁርና ነጭ የሆነ ግራጫ ወፎች በሰልፍ በሰልፍ ይመጣሉ። ከነሱ ቀድሞ ድምፃቸው ይደርሳል፤ ጥሩንባ ነው። ከሩሲያና ከዚያ አካባቢ ነው የሚመጡት። ቀን ቀን ጤፍና ሽምብራ የታጨደበት ማሳ ላይ ቃርሚያ ሲለቅሙ ይውላሉ። ማታ ስሱ ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ለምን ውሃ ውስጥ? ጅብም ቀበሮም ሊጠጋቸው ሲል ውሃው ስለሚንቦጫረቅ ቀድመው ይሰማሉ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ይህን ማድረግ አይችሉም፤ ይሰምጣላ! ጨለለቃ እንግዲህ እየጠበበ ነው፣ ያ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል። እኔ ለማለት የፈለግኩት በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ሰማይ ሥር፣ ሁለት ውሃ ሁለት ዓይነት ወፍ እንደሚይዝ ነው። ልዩነቱ ዳሩ ነው። የእኛ ሐይቆች ሰው የሠራቸው ስለሆኑ ሁለቱንም አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ መሀሉን ጥልቅ፣ አንዱን ዳር ስስ።

ጥር ላይ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ለዚህም ነው የውሃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ በዚያ ሰሞን የሚደረገው፤ እንግዳው ከመጣ በኋላ፣ መመለስ ከመጀመሩ በፊት። ያኔ ወፉ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ አንዱን ሁለት ጊዜ የመቁጠር ዕድል ይቀንሳል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ። በዚያው አቆጣጠር በ1996 ለወፎች እጅግ አስፈላጊ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች ለይቶ አሳትሟል። ከተማ መሀል ያለ ሐይቅ እንደነሱ ሊሆን አይችልም፣ አልቀልድም። ግን በየትምህርት ቤቱ ያሉ የአካባቢ ጥበቃ ክበቦች በዓመት አንድ ጠዋት ወርደው ቢቆጥሩ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ «ወፍ በዛ፣ ወፍ አነሰ» ስንል የምንናገረውን እናውቃለን።

ጥር ላይ ቀና ብላችሁም እዩ። አራት ኪሎ ሰማይ ላይ የሚዞሩት ጭልፊቶች ሁሉ አንድ አይደሉም። ምንቃሩ ቢጫ የሆነው የአፍሪካው ነው። ጥቁር ምንቃር ያለው ከሰሜን የመጣ ነው፣ ክረምታቸውን ሸሽቶ። ሥጋ ቤት በር ላይ ግን ሁለቱም እኩል ሌባ ናቸው።

ከዚያ መጋቢት ይመጣል። ዳክዬዎቹ መብላት ያበዛሉ፣ ያለ ምክንያት ይነሳሉ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ትወርዳለህ፣ የሉም። ይሄኔ ነው ሰው «ውሃው ተበከለ እንዴ? ወፎቹ ምን ነካቸው?» የሚለው። ምንም አልነካቸውም፣ አገራቸው ገብተው ሊወልዱ ሄደው ነው። ውሃው አይበከልም እያልኩ አይደለም፤ የከተማችን ወንዞች ምን እንደሚሸቱ አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል። ግን አንድ ሐይቅ በመጋቢት ባዶ ስለሆነ ሞቷል ማለት አይደለም፣ በጥር ስለሞላ ደግሞ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ጽዳቱና ግንባታው ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በዚህ ባዶ በሚመስልበት ወቅት ነው። «ምንም የለበትም እኮ» ይባልና ዶዘር ይገባል። ጥቅምት ላይ ሲመለሱ የሚያርፉበት የለም።

ክረምት ሐይቅ ዳር ሰው የለም። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው፣ ማን ይወጣል። ዣንጥላ ይዞ የወጣ ግን ሸማኔ ወፍን ያያታል። ወንዱ ነው ሸማኔው። ከቄጠማው አንድ ዘለላ በምንቃሩ ይሰነጥቅና እየጎተተ ይበራል፣ ውሃው ላይ ካዘነበለ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያስረዋል። በመጀመሪያ ቀለበት ይሠራል፣ እዚያ ቀለበት ላይ ቆሞ ከፊትና ከኋላው እየጠለፈ እየቋጠረ ኳስ ያስመስለዋል፣ በሩን ወደ ታች ያደርገዋል። ውሃ በላይ የሚሠራው እባብም ድመትም እንዳይደርስበት ነው። ሲጨርስ በሩ ላይ ዘቅዝቆ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጣራል። መጥታ ገብታ ትፈትሻለች። ካልጣማት ትታው ትሄዳለች። የምትመርጠው ካጣና ጎጆው ከደረቀ ራሱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል፤ እርጥብ ቄጠማ ነው እንጂ ደረቁ አይጠለፍም። ያ ሁሉ ቄጠማ ከየት ይመጣል? ሊነቀል ነው ከተባለው ቦታ።

«ሣር ለማን ይጠቅማል» ለሚል ደግሞ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ፣ በአዲስ ዓለም በኩል በርጋ የሚባል ረግረጋማ ሜዳ አለ። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ እዚያ ረጅም ሣር ውስጥ መዳፍ የምታክል፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ወፍ ትራባለች። ሰው እግሩ ሥር ካልደረሰባት በቀር አትነሳም። በዓለም ላይ ያሉት ለአቅመ መራባት የደረሱ ወፎቿ 250 እንኳ አይሞሉም ተብሎ ይገመታል። የአካባቢው ሰዎች ማኅበር መሥርተው ሜዳውን ይጠብቃሉ። ገበሬው ግጦሹ የዕለት እንጀራው ሆኖ ሳለ ለእሷ ቦታ ካገኘ፣ እኛ መናፈሻ ውስጥ አንድ ጥግ ማጣታችን ያሳፍራል።

ትንኝ ያፈራል የሚሉኝ አሉ። ትንኝማ በብዛት የሚፈላው ጎማ ውስጥ፣ ጣሳ ውስጥ፣ የተደፈነ ቱቦ ውስጥ ነው፤ የሚበላው ነገር በሌለበት የቆመ ውሃ። ቄጠማ ባለበት እንቁራሪት አለ፣ የውሃ ተርብ አለ፣ ትናንሽ ዓሣ አለ፣ እነዚህ የትንኙን እጭ ይበሉታል። ወባውም ቢሆን በአገራችን በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ጣጣ ነው፤ መሀል አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነች። አይጥና ቆሻሻ ይጠራቀምበታል ላሉኝ ግን መልስ የለኝም፣ እውነት ነው፤ ፕላስቲክ ውሃው ላይ የሚጥል ሰው እስካለ ድረስ ቄጠማው ይይዘዋል። ድንጋዩ ላይ ቢሆን ይታይና ይለቀማል። ያም ሆኖ ቄጠማውን ሳይሆን ፕላስቲኩን ነው መልቀም።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዙሪያውን በሙሉ ተዉት አላልኩም፤ ሰው መራመጃ ይፈልጋል፣ ሙሽራ ፎቶ ይነሳል፣ ልጅ ይሮጣል። ከዙሪያው ሩብ ያህሉ፣ ከጀልባው ርቆ ያለው ዳር፣ እንዳለ ይቅር። ቄጠማው መታጨድ ካለበት ጎጆው ባዶ ሲሆን፣ ኅዳር ካለፈ በኋላ ይታጨድ፣ ያውም ግማሽ ግማሹን በየዓመቱ እያፈራረቁ። እዚያ ጋ በየወሩ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚሄድ በሥዕል የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ ይተከል። ፈንዲሻ መወርወሩም ቢቀር ጥሩ ነው፤ የሚበሉት ዝዮቹና እርግቦቹ ናቸው፣ የተረፈው ውሃውን ያገማዋል።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጥቅምት ሲጋመስ ፎቶ አንሺያችሁን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ላኩልኝ፣ ጠራጊዎቹ ሳይገቡ። ጭቃው ያለበትን ጥግ አሳየዋለሁ። ባይኖኩላሩን እኔ አመጣለሁ፤ በሩ ላይ የሚያሳልፈንን ደብዳቤ ግን እናንተ በማኅተም ጻፉልን።

አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ